የፓስፖርት ደመወዝ

አንዲት ፊሊፒናዊት መምህርት ሴቡ በተባለችው ከተማ ተቀምጣ ከደቡብ ኮሪያ ለመጣ ተማሪ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ተማሪው ባሕር ተሻግሮ የመጣው ከእሷ ለመማር ነው። እንደ እሱ ያሉ ኮሪያውያን በሺዎች እየሆኑ ወደ ፊሊፒንስ ይጓዛሉ፤ አንድ ለአንድ ይማራሉ፤ አፋቸውን ፈትተው ይመለሳሉ። ይህችው መምህርት ነገ ተነሥታ «እስቲ ደግሞ እኔ እነሱ አገር ሄጄ ላስተምር» ብላ ለእንግሊዝኛ አስተማሪነት ኢ-2 የሚባለውን የኮሪያ ቪዛ ብትጠይቅ ግን ማመልከቻዋን የሚያይላት የለም። እንግሊዝኛዋ በአንድ ሌሊት አልጠፋም። ያስተማረችው ልጅም የተማረውን አልረሳም። የጎደላት ትክክለኛው ፓስፖርት ብቻ ነው።

የዓለም የእንግሊዝኛ መምህራን ገበያ የሚሠራው እንዲህ ነው። «ውጭ አገር እንግሊዝኛ ማስተማር» እየተባለ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚወራለት ሥራ፣ ደመወዙም ዕድሉም የሚለካው በችሎታ ሳይሆን በትውልድ አገር ነው። ይህ አሠራር በሩ የተዘጋባቸውን ብቻ ሳይሆን በሩ የተከፈተላቸውንም እየጎዳ ነው። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ይህን ሳያውቁ በማስታወቂያ እየተሳቡ ነውና ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ሰባቱ ሀገራት

ኮሪያ እንግሊዝኛ ለማስተማር ኢ-2 ቪዛ የምትሰጠው ለሰባት ሀገራት ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ከእነዚህ ለመጣ ሰው ዋናው መስፈርት የመጀመሪያ ዲግሪና ንጹሕ የወንጀል መዝገብ ነው። ዲግሪው በምን መስክ እንደሆነ ብዙም አይጠየቅም። የሆቴል አስተዳደርም ይሁን የሥነ ሕይወት፣ ክፍል ገብቶ ከማስተማር አያግደውም። ህንዳውያን እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ላይ በዋለው የሁለቱ ሀገራት የኢኮኖሚ ስምምነት በኩል ጠባብ በር ተከፍቶላቸዋል። እነሱ ግን የመምህርነት ፈቃድ ማሳየት አለባቸው።

ይህን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ማስተማር የተማረው ሰው በጠባቡ በር ሲገባ፣ ማስተማር ያልተማረው በሰፊው በር ይገባል። በየትኛው ሙያ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚታየው? ሐኪም ቤት አንዱን ሐኪም «ፈቃድህን አሳየኝ» ሌላውን «የት ነው የተወለድከው?» ብሎ ቢቀጥር ማን ይታከምበታል?

የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ደግሞ የሕጉን ባዶነት ራሱ ሕጉ እንዲመሰክር ያደርገዋል። በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ የቤት ቋንቋው የሆነ ሰው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ብዙው ሕዝብ አፉን የፈታው በዙሉ፣ በኾሳ፣ በአፍሪካንስና በሌሎች ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ የኮሪያ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የመምህራን ቅጥር ፕሮግራም ከደቡብ አፍሪካውያን አመልካቾች ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃል፦ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መማራቸውን የሚያሳይ ደብዳቤ። በሌላ አነጋገር፣ ሰው በእንግሊዝኛ ተምሮ እንግሊዝኛ ማስተማር እንደሚችል ኮሪያ ራሷ ታምናለች ማለት ነው።

ታዲያ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረው ኬንያዊስ? ጋናዊስ? ናይጄሪያዊስ? ሁለተኛ ደረጃንና ዩኒቨርሲቲን በእንግሊዝኛ የጨረሰው፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የተመረቀው ኢትዮጵያዊስ? ለደቡብ አፍሪካዊው የሠራው ደብዳቤ ለእነሱ የማይሠራበት ምክንያት በሕጉ ውስጥ አይገኝም። ሕጉ ያለው የሀገራት ዝርዝር ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ኮሪያ ብቻዋን አይደለችም። የቻይና ደንብም የውጭ ቋንቋ መምህር በመርሕ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚያስተምር መሆን አለበት ይላል። በታይላንድ በአንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዓይነት ክፍለ ጊዜ እያስተማሩ፣ ፊሊፒናዊው መምህር ከእንግሊዛዊው በጣም ያነሰ ደመወዝ መቀበሉ ማንም የማይደብቀው ነገር ነው። በባሕረ ሰላጤው ሀገራትም የሥራ ማስታወቂያዎች «የምዕራብ ፓስፖርት ያለው» ብለው በግልጽ ይጽፋሉ። መኖሪያ ቤት፣ የዓመት የአውሮፕላን ቲኬትና የልጆች ትምህርት ክፍያ ያለበት ውል ለአንዱ ይሰጣል፤ ለሌላው ደረቅ ደመወዝ ይተርፈዋል።

የታደለው ምን አገኘ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲህ አሜሪካዊ መሆን ነው!» ብሎ ነገሩን በቁጭት ይዘጋዋል። ስህተቱ እዚህ ጋ ይጀምራል። ሙያ ሳይጠየቅ የተሰጠ ሥራ፣ ሙያ የሚያስከብረውን ክብር ይዞ አይመጣም። በቀላሉ የተቀጠረ በቀላሉ ይተካል። ቁጥሩ ይህንኑ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የኮሪያ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሰዓት 3,770 ዎን ነበር። ሀገሪቱ በወር በምትቆጥረው 209 ሰዓት ሲባዛ 788,000 ዎን ገደማ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሃግዎን በሚባሉት የግል ማስጠኛ ተቋማት የሚቀጠር የውጭ ዜጋ ጀማሪ መምህር ከ2 ሚሊዮን ዎን በላይ ይከፈለው ነበር፤ ቤትም ይሰጠዋል። ከወለሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ወለሉ በሰዓት 10,030 ዎን ደረሰ፤ በወር 2,096,270 ዎን ማለት ነው። በማስታወቂያ የሚወጣው የጀማሪ መምህር ደመወዝ ግን ዛሬም እዚያው 2 ሚሊዮን ከምናምን ላይ ቆሟል። አስተማሪው ባለበት ሲረግጥ፣ በየሱቁ ሒሳብ የሚቀበለው ሠራተኛ ከታች ተነሥቶ ደረሰበት።

በዚያ ላይ ብልሃቱ አለ። የኮሪያ ሕግ አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ሲሰናበት የአንድ ወር ደመወዝ የሚያህል የአገልግሎት ክፍያ ያዛል። ስለዚህ አንዳንድ ተቋማት መምህሩን በ11ኛው ወር «ወላጆች ቅሬታ አቀረቡብህ» ብለው ያሰናብቱታል። ቪዛው ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነውና የሚከራከርበት ጊዜም አቅምም አይኖረውም። ሰባቱ ፓስፖርቶች በር ያስገባሉ እንጂ ከዚህ አያድኑም።

ጃፓንም ታሪኩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው ጄት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ለተሳታፊዎቹ በዓመት 3.6 ሚሊዮን የን ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ለአንደኛ ዓመት ተሳታፊ ወደ 3.36 ሚሊዮን ዝቅ ተደረገ። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር 80 የን ገደማ ስለነበር ደመወዙ ወደ 42,000 ዶላር ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ዶላር 150 የን ገደማ ሲደርስ ያው 3.36 ሚሊዮን 22,400 ዶላር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 4.02 ሚሊዮን ከፍ ቢደረግም የተሸረሸረውን አልመለሰም። የትምህርት ብድሩን በዶላር ለሚከፍል አሜሪካዊ ይህ ግማሽ ደመወዝ ነው። ጄት ደግሞ ከዘርፉ የተሻለው ነው፤ በአገናኝ ኩባንያዎች በኩል ወደ ትምህርት ቤት የሚላከው ረዳት መምህር ከዚያም ያነሰ ያገኛል።

ኖቫ የተባለው የጃፓን ትልቁ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ሲወድቅ ምን እንደተፈጠረም መርሳት አይገባም። በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ መምህራን ደመወዛቸው ተቋርጦ ቀሩ። አንዳንዶቹ ኩባንያው ከተከራየላቸው ቤት እንዲወጡ ተነገራቸው። የሠራተኛ ማኅበር ባዘጋጀው መንገድ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ትምህርት እየሰጡ በምላሹ ምግብ የተቀበሉም ነበሩ። ከሀብታም ሀገር የመጣ፣ ዲግሪ የያዘ ሰው፣ በሀብታም ሀገር ውስጥ፣ ለምግብ አስተማረ።

በቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መንግሥት «ድርብ ቅነሳ» የተባለውን መመሪያ አወጣ፤ ከቻይና ውጭ ያሉ የውጭ ዜጎችን ቀጥሮ በኢንተርኔት ማስተማርን ከለከለ። በአንድ በጋ ውስጥ ከአሜሪካና ከካናዳ ሳሎን ሆነው ለቻይናውያን ሕፃናት ያስተምሩ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አጡ። ማስጠንቀቂያም ካሳም አልነበረም። ሠራተኛ ሳይባሉ «ተዋዋይ» ተብለው ነበርና።

«ገበያው የሚፈልገው ይህንኑ ነው»

የዚህ አሠራር ጠበቆች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። ሁለቱም መመርመር አለባቸው።

የመጀመሪያው «ወላጆች የሚፈልጉት አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ መምህር ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ደንበኛው ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይፈልጋሉ። ግን ይህን ፍላጎት ማን ፈጠረው? የትምህርት ቤቱ በራሪ ወረቀት ላይ ሁሌም ፈገግ ያለ ነጭ ፊት የሚለጠፈው፣ የመንግሥት ሕግ ደግሞ ሰባት ሀገራትን ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ወላጁ ሌላ ምን ይመኝ? ዋጋው ሲወርድ ፍላጎቱ እንዴት እንደሚቀየርም ይታይ። የጃፓን የኢንተርኔት ትምህርት ኩባንያዎች ርካሽ የሃያ አምስት ደቂቃ ትምህርት ለመሸጥ ሲፈልጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊሊፒናውያንን ይቀጥራሉ። ያን ጊዜ አነጋገራቸው «ግልጽና ለጀማሪ የሚመች» ይባላል። ክፍያው ከፍ ያለ ሥራ ሲመጣ ግን ያው አነጋገር «የአፍ መፍቻ አይደለም» ተብሎ ይጣላል። በርካሽ ሲሆን የሚበቃ እንግሊዝኛ፣ በውድ ሲሆን የማይበቃ ከሆነ ጉድለቱ ከእንግሊዝኛው አይደለም።

ሁለተኛው የአነጋገር ዘዬ ጉዳይ ነው። «ልጆቹ ትክክለኛውን ድምፅ መስማት አለባቸው» ይባላል። የትኛውን ትክክለኛ? የግላስጎውን፣ የቴክሳስን ወይስ የጆሃንስበርግን? ሰባቱ ሀገራት እርስ በርሳቸው እንኳ አንድ ዓይነት አይናገሩም። ደግሞም በዓለም ላይ እንግሊዝኛ ከሚናገሩት ሰዎች አብዛኛዎቹ አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ ናቸው። የኮሪያው ልጅ አድጎ ዕቃ የሚሸጠው ለቬትናሙ፣ ለህንዱና ለሳዑዲው ነጋዴ ነው። ቋንቋውን እንደ እሱ በትምህርት ያገኘ መምህር ልጁ የት ጋ እንደሚደናቀፍ ያውቃል፤ ራሱም እዚያው ተደናቅፎ ተነሥቷልና።

ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ያስተማሩት ህንዳውያን መምህራን፣ ዛሬ ሽማግሌ በሆኑ ተማሪዎቻቸው አፍ በምስጋና ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶችም የራሳቸውን ድርሻ አድርገዋል። ህንዳዊውን መምህር «አፍህን በምን ፈታህ?» ብሎ የመለሰው ሰው አልነበረም። የተጠየቀው ማስተማሩን ነው። ያስተማራቸውም ሐኪም፣ መሐንዲስና ዲፕሎማት ሆኑ።

ገበያው ራሱ እየጠበበ ነው

በሩ ነገ ለሁሉም ቢከፈት እንኳ ከበሩ ጀርባ ያለው ቤት እያነሰ ነው። በኮሪያ አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልደው ልጅ በአማካይ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 0.72 ወረደ፤ በ2024 ትንሽ ከፍ ብሎ 0.75 ሆነ። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 የተወለዱ ጃፓናውያን ሕፃናት ከ700 ሺህ በታች ናቸው። በቻይና በዚያው ዓመት የተወለዱት 9.5 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ ከስምንት ዓመት በፊት ከነበረው ግማሽ ያህል ነው። ሕፃን በሌለበት መዋዕለ ሕፃናት ይዘጋል፤ መዋዕለ ሕፃናት ሲዘጋ የሚዘምረውም «ቲቸር» ይሰናበታል። በዚህ ላይ ከስልክ ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት የሚቻልበት ዘመን መጥቷል። አንድ መምህር ዋጋው «አፉን መፍታቱ» ብቻ ከነበረ፣ አፉን የፈታ መሣሪያ በትንሽ ክፍያ ተገኝቷል።

የሚተርፈው ማን ነው? ማስተማር የሚያውቀው ነው። ልጅ ለምን እንዳልገባው ለይቶ የሚያይ፣ ፈቃድ ያለው፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ፈተና የሚያዘጋጅና የሚያርም። የሚያሳዝነው የፓስፖርቱ ሥርዓት ለሠላሳ ዓመት የገፋው ይህንኑ ሰው መሆኑ ነው።

ማስታወቂያውና ድንበሩ

አሁን ወደ ኢትዮጵያዊው ወጣት። በየቴሌግራሙ «እንግሊዝኛ ለሚችሉ፣ በእስያ ሥራ፣ ጥሩ ደመወዝ፣ ልምድ አያስፈልግም» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። አንዳንዱ ማስተማር ይላል፤ ሌላው የደንበኞች አገልግሎት ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ከላይ የተዘረዘረውን ሕግ ያነበበ ሰው ማስታወቂያው የት ላይ እንደሚዋሽ ወዲያው ያውቃል። ለኮሪያ የእንግሊዝኛ መምህርነት ቪዛ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አያገለግልም። በሌሎች ሀገራትም ቢሆን «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ ከገባህ በኋላ ይስተካከላል» ማለት «ስትታሰር አናውቅህም» ማለት ነው። ያለ ሥራ ፈቃድ ያስተማረ ሰው ደመወዙ ሲቀር የሚከስበት ቦታ የለውም፤ ራሱ ተከሳሽ ነው።

ከዚያም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በምያንማርና በታይላንድ ድንበር ከሚገኙት የማጭበርበሪያ ካምፖች 260 ያህል ሰዎች ወደ ታይላንድ ሲሻገሩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጥሩ የሥራ ተስፋ ተስበው የሄዱ፣ በኋላ በድብደባና በማስፈራራት ሰው በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ የተገደዱ ልጆች ናቸው። እዚያ ለሚጠብቃቸው ወንጀለኛ ዋጋ ያሰጣቸው ነገር ደግሞ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ መቻላቸው ነው። ያ እንግሊዝኛ ለክፍል አይበቃም ተባለ፤ ለማጭበርበሪያ ግን በቃ።

ስለዚህ የሚጠይቅ ሰው መጠየቅ ያለበት ቀላል ነው። ቪዛው በእጅ ያለው ከመሄድ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በምን ስም ነው፣ ለሥራ ወይስ ለጉብኝት? አሠሪው ትምህርት ቤት ራሱ ውሉን ፈርሟል? ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ አለው? የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛና የጉዞ ወጪን በአሠሪው ላይ የጣለ ሲሆን «መጀመሪያ ለቪዛ ይህን ያህል አስገባ» የሚል ደላላ ገና ከበሩ ላይ ራሱን አጋልጧል።

ቤት ውስጥ ያለው ሁለት መዝገብ

ኮሪያንና ታይላንድን ወቅሶ ዝም ማለት ግን ግብዝነት ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥም «ዓለም አቀፍ» የሚል ስም በለጠፉ ትምህርት ቤቶች ሁለት የደመወዝ መዝገብ አለ፤ አንዱ በዶላር፣ አንዱ በብር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ሌሊት ሰፋ። ከአንድ ኮሪደር ሁለት መምህራን ይወጣሉ፤ አንዱ ሌላው በዓመት የማያገኘውን በወር ይዞ ይሄዳል። የውጭ ዜጋው አንዳንዴ በእርግጥ የተሻለ የሠለጠነ ነው፤ ያን ጊዜ ብልጫው ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ግን ትምህርት ቤቱ የሚሸጠው ፊቱን ነው፤ የሚገዛው ደግሞ ኢትዮጵያዊው ወላጅ ነው። የሴቡዋን መምህርት ከሚመልሰው ኮሪያዊ በምን ተለየ?

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ራሱ ዕዳ አለበት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ተማሪው በማይገባው ቋንቋ መፈተኑ ግን አንዱ ነው። በእንግሊዝኛ «ተምረናል» ማለት ብቻውን ክርክር አያሸንፍም። «ፈትኑን» ለማለት መጀመሪያ ለፈተና መዘጋጀት ያስፈልጋል።

የሚጠየቀውም ይኸው ነው፦ ፈተና። ቋንቋን የሚለኩ ዓለም አቀፍ ፈተናዎች አሉ፤ የመምህርነት ፈቃድ አለ፤ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ማየት አለ። እነዚህን ያለፈ ፊሊፒናዊ፣ ኬንያዊ፣ ኢትዮጵያዊ ይቀጠር፤ ያላለፈ አሜሪካዊ ይመለስ። ይህ ቢሆን አሜሪካዊው ባለሙያም ይጠቀማል፤ ሙያው ሙያ ሲሆን ደመወዙም ከሱቅ ሠራተኛ ወለል ይነሣልና። አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤትም ሁለቱን መዝገብ ዘግቶ በችሎታና በልምድ የሚለካ አንድ መዝገብ ይክፈት። የኢትዮጵያ መንግሥትም ከሌሎች ሀገራት ጋር የሥራ ስምምነት ሲፈራረም የቤት ሠራተኛን ብቻ ሳይሆን መምህርንም ያስታውስ፤ ህንድ በ2010 ለመምህሮቿ በር ያስከፈተችው ልመና ገብታ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተደራድራ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሴቡ ያለችው መምህርት ማስተማሯን ትቀጥላለች። ተማሪዋ አገሩ ተመልሶ ጥሩ ሥራ ያገኛል። ምናልባት አንድ ቀን የትምህርት ቤት ባለቤት ይሆንና የቅጥር ማስታወቂያ ያወጣል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ምን እንደሚጽፍ ግን ከወዲሁ ይታወቃል፦ «የሰባቱ ሀገራት ዜጎች ብቻ ያመልክቱ።»